ለሞተር የተላኩ ሽማግሌዎች

ሙጀሂድ ከባህር ሲመለስ መጀመሪያ የሚያደርገው ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ መክተት ነው። ቀጥሎ የውሃውን ጎማ ከግቢው ቧንቧ ይገጥማል። ከሞተሩ እግር ግራና ቀኝ ባሉት የውሃ መሳቢያ ቀዳዳዎች ላይ የጆሮ ማዳመጫ የሚመስሉትን ሁለት የጎማ ክዳኖች ግጥም አድርጎ ያለብሳል፤ ከዚያ ቧንቧውን ይከፍታል። ውሃው ከጎማዎቹ ዳር ተርፎ ሲንጠባጠብ ሳያይ ቁልፍ አይነካም፤ ቀድሞ ያስነሳ ሰው ፓምፑን በደረቁ ያቃጥለዋል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ከጀርባው የምትወረወረውን ቀጭን የውሃ መስመር በመዳፉ ይቀበላታል። ቀዝቃዛ ብትሆን ደህና፣ ለብ ብትልም ደህና፤ የምትፋጅ ከሆነች ግን ወዲያው ማጥፋት ነው። ጨው ከብረት ጋር የቆየ ቂም አለው፤ በቧንቧ ውሃ ካልሸኙት አድሮ ይበላል። ስለዚህ ሙጀሂድ ውሃውን ሳይሰስት ያስሮጣል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ክዳኖቹን ያወልቃል፣ የሞተሩን እግር ቁልቁል አድርጎ እስኪንጠፈጠፍ ይጠብቃል። በመጨረሻ በአሮጌ ፎጣ ከላይ እስከ ታች ያብስና ማጠፊያዎቹን በጣቱ ግራሶ ይቀባል።

ያን ዓርብ ግን እጆቹ ይህን ሁሉ ሲሠሩ ልቡ አብሯቸው አልነበረም። መዳፉ ላይ ያረፈችው ውሃ ቀዝቃዛ ነበረች፤ ሞተሩ ግን እናቱ እንደጠፋችበት ጫጩት «ጢጥ፣ ጢጥ» ማለቱን አልተወም። ነገሩ የጀመረው ባህር ላይ ነው። ሃሙር የሚባለው ዓሣ ወደሚገኝበት ሥፍራ እየበረሩ ሳለ ሞተሩ ጮኸ፤ ፍጥነቱንም በገዛ ራሱ ቀነሰ። ከዚያ ወዲያ ነዳጅ ቢጨምሩለት ባይጨምሩለት የእርጉዝ ላም እርምጃ ብቻ ሆነ። ወደ ዳር እስኪወጡ ድረስ የቀደማቸው ጣራድ ሁሉ እጁን እያውለበለበ አለፈ። ጣራድ ኩዌቶች ለፈጣን ትንሽ ጀልባ ያወጡት ስም ነው። የሙጀሂድ አሠሪ ባባ ሱልጣን የማንንም ሰላምታ አልመለሱም። የዓሣ ሳጥናቸው ባዶ ነበር።

ሙጀሂድ የሐይቅ ልጅ ነው፤ ወሎ ውስጥ ካለችው፣ ስሟን ከውሃዋ ከወሰደችው ከተማ። አባቱ በታንኳ ዓሣ እያጠመዱ ነው ያሳደጉት። ኩዌት ሲመጣ ግን ማንም ስለ ታንኳ አልጠየቀውም። መንጃ ፈቃድ አወጣና ጃብሪያ ባለው በባባ ሱልጣን ቤት ሾፌር ሆነ። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ማዳም ገበያ፣ ማታ ማዳም እህታቸው ቤት። ዕድሜው በትራፊክ መብራት ሥር ቀይና አረንጓዴ በመጠበቅ እያለቀ ሳለ፣ ባባ ሱልጣን ጡረታ ወጡና ጣራድ ገዙ። የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ሙጀሂድ መሪውን ሲይዝ ያዩት አዛውንት፣ «አንተ ልጅ፣ ይህን የት ተማርክ?» አሉት። «ከመኪና በፊት የነዳሁት ይህንኑ ነው» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የትምህርት ቤቱ ምልልስ ለሌላው ሾፌር ተሰጠ፤ ጣራዱን ማጠብ፣ ማደስና መንዳት የሙጀሂድ ሥራ ሆነ።

የድሮው ሞተር ሲያረጅ አዲሱን የገዙት ባባ ሱልጣን ራሳቸው ናቸው፤ ዲዋኒያ በሚሉት የእንግዳ መቀበያቸው ውስጥ፣ እንግዶቻቸው መሃል ተቀምጠው፣ በስልካቸው። ጣታቸውን አንድ ጊዜ ሲጫኑ ነገሩ አለቀ። ሹዌኽ በሚባለው የጋራዥና የመጋዘን ሰፈር የዚሁ ሞተር ወኪል በረጅም መስተዋት ቤት ተሰይሞ እያለ፣ ሞተሩ ከባህር ማዶ በሰው ቁመት ካርቶን ታሽጎ መጣ። የገጠሙት ሙጀሂድና ጓደኛው ሀሩን ናቸው። ሀሩን ሹዌኽ ውስጥ የጀልባ ተጎታች በሚበይድ ጋራዥ የሚሠራ ጉልበተኛ ነው፤ ብሎን ማጥበቅ ይወዳል። ሞተሩ ሲነሳ ሠፈሩ ሁሉ አጨበጨበላቸው። አሁን ግን ጢጥ ይላል። የዛሬ ሞተር ደግሞ እንደ ድሮው በጆሮ ሰምተው የሚፈቱት አይደለም፤ ሕመሙን የሚናገረው ለኮምፒውተር ነው፣ ኮምፒውተሩም ያለው ወኪሉ ዘንድ ነው።

ሙጀሂድ ጣራዱን በተጎታች ጭኖ ሹዌኽ ሄደ። ከመስተዋቱ ቤት የፊት አዳራሽ ክራቫት ያሰረ ጨዋ ወጣት ተቀበለው።

«ከየትኛው ቅርንጫፋችን ነው የገዛችሁት?»

«ከኢንተርኔት ነው። ዋስትና አለው፣ ወረቀቱም ይኸው።»

ወጣቱ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ መለሰለት። «እንግዲያው ኢንተርኔት ይጠግነው፣ ወንድሜ።»

በማግስቱ ባባ ሱልጣን ዲሽዳሻቸውን፣ ያን ረጅም ነጭ ቀሚስ፣ አስተኩሰው ራሳቸው ሄዱ። ተምር ቀረበላቸው፣ ወንበር ተሳበላቸው፣ ስለ ጤናቸው ተጠየቁ፤ በመጨረሻም ያው አይሆንም ተባሉ። ስለ ዋስትና ጮኹ፣ ስለ መብት ጮኹ። መኪና ውስጥ ሲገቡ በሩን የዘጉበት ድምፅ ነገሩን ጨረሰው።

«ይሸጥ» አሉ። «በስተርጅና ከአንድ ጎረምሳ ጋር እሰጥ አገባ አልገጥምም።»

ይህን የሰሙት ማዳም ለጢፋ ደስታቸውን ለመደበቅ ብዙም አልደከሙ። የዓሣ ሽታ ከወደ ግቢው በመጣ ቁጥር መስኮት ሲዘጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ክፉ ግን አይደሉም፤ ሙጀሂድን ጠርተው አጽናኑት። «ሐሙስ ደላላ መጥቶ ያየዋል። አንተ ደግሞ አትጨነቅ፤ የልጄን ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለህ። አምስት ናቸው፣ ማሻአላህ፤ ሥራ አታጣም።»

ሙጀሂድ «ሀዲር» አለ፣ እሺ ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ ግቢ ወጥቶ ጣራዱ ጥላ ሥር ቁጭ አለ። በዓይኑ የመጣበት አምስት የትምህርት ቤት ቦርሳና የቀይ መብራት ሰልፍ ነው። ባህሩን ከጃብሪያ አያዩትም፤ ግን ዓርብ እስኪመጣ እንደሚጠብቀው ማወቁ ራሱ አንድ ነገር ነበር። ያ ሊሄድ ነው።

ሚስቱ ሐሲና፣ ሙባረክ አል-ከቢር በሚባለው ሰፈር፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ማታ ማታ ሥራዋን ስትጨርስ ትደውልለታለች። ያን ዕለት ድምፁን እንደሰማች አወቀችው።

«ሁለተኛ ሚስትህ አልዳነችም መሰለኝ።»

«ተይኝ ሐሲና፣ ሊሸጧት ነው።»

«ሐኪሞቹስ?»

«አናያትም አሉ። እኔንም መለሱ፣ ባባንም መለሱ። አለቀ።»

«ሁለቴ እምቢ ስለተባልክ ነው አለቀ የምትለው? አባቴ ሽማግሌዎችህን ስንት ጊዜ ነው የመለሷቸው? ያኔ ደላላ ጠርተህ ነበር?»

«አንቺና ሞተር አንድ ናችሁ?»

«እኔ ከገባሁ ወዲህ ጢጥ ብዬ አላውቅም፤ በዚህ አንለያይም ወይ። ግን እስቲ ንገረኝ፣ ሙጄ፣ እናንተ ስትሄዱ ምን አላችሁ? መብታችን ነው አላችሁ። ሽማግሌ እንዲህ ብሎ ቢመጣ አባቴ በዱላ ነበር የሚያባርሩት። እምቢ ያለ ሰው ዘንድ ሽማግሌ ነው የሚላከው። አብሽር፣ ላክባቸው።»

እየቀለደች ነበር። ሙጀሂድ ግን ስልኩን ከዘጋ በኋላም አልሳቀም። ነገሩን እንደ ብሎን አዙሮ አዙሮ አየው፤ ጥርሱ ይገጥማል።

ሽማግሌ ያለ ሽበት አይሆንም። ሹዌኽ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽበት ደግሞ የጋሽ ኃይሉ ነው። ከወኪሉ ጥገና ቤት ጀርባ ያለ የመለዋወጫ መጋዘን ይጠብቃሉ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የታመመ ያስጠይቃሉ። ሙጀሂድ ጉዳዩን ሲነግራቸው አልሳቁም። ልክ የሰው ልጅ ጉዳይ እንደመጣላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«የፊት በሩን ተወው» አሉ በመጨረሻ። «እዚያ ያሉት የሚሸጡ ናቸው። ያልሸጡትን ዕቃ ስም መስማት ያማቸዋል። የሚጠግነው ሰውዬ በኋላ በር ነው፤ አቡ ሳሊም ይባላል፣ ዮርዳኖሳዊ ነው። በየቀኑ ሰላም እንባባላለን። ማን ማን ይሄዳል?»

«እርስዎ፣ ለዓረብኛው ሙዓዝ፣ ሦስተኛው ሀሩን።»

«ሀሩን ገና ጎረምሳ ነው።»

«ጢም አለው፣ ጋሼ።»

«ይሁን። አንተ ግን አትገባም። ሙሽራ ሽማግሌ ተከትሎ አይገባም፤ ውጭ ትጠብቃለህ።»

ሙዓዝ የአንድ ኩባንያ ሾፌር ነው፤ ኩዌት ብዙ ከመኖሩ የተነሳ በእንቅልፉ የሚሳደበው በዓረብኛ ነው ይሉታል። ረቡዕ ከሰዓት ሦስቱ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ተሰበሰቡ። ጋሽ ኃይሉ ከዘራ ስላልነበራቸው የመጋዘኑን ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል፤ ሰማዩ ላይ ግን የደመና ዘር የለም። ሙጀሂድ ጣራዱን የጎተተውን መኪና ከጥገና ቤቱ መስተዋት ፊት ለፊት አቆመ። ሙዓዝ ደወለለትና ስልኩን ሳይዘጋ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ስማ ግን አትሳል» አለው።

ከመኪናው ሆኖ ሁሉን ያያል። አቡ ሳሊም ወፍራም፣ እጁ ዘይት የጠገበ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ናቸው። ሦስት ወንበር ሳቡ። ሦስቱም አልተቀመጡም። ሻይ በወረቀት ብርጭቆ መጣና ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ። ሦስቱም አልነኩትም።

«ተቀመጡ እንጂ» የሚለው ድምፅ በስልኩ ተሰማ።

ጋሽ ኃይሉ ጃንጥላቸው ላይ ደገፍ አሉ። በአማርኛ ይናገራሉ፣ ሙዓዝ ይከተላቸዋል። «መቀመጡንስ እንቀመጣለን። የመጣንበት ጉዳይ ቆሞ እኛ ብንቀመጥ ግን አያምርም።»

«ምን ጉዳይ ነው?»

«ልጃችን አጥፍቷል። እናንተ እዚህ ደጅ ላይ እያላችሁ፣ እሱና ጌታው ከሰማይ ላይ ሙሽራ አመጡ። ቤተ ዘመድ ሳይጠራ፣ አጃቢ ሳይኖራት፣ በካርቶን ታሽጋ መጣች።»

ሙዓዝ በሹክሹክታ፣ «ጋሼ፣ ካርቶኑንም ልበለው?»

«እንዳለ በለው። ይህ ጥፋት ነው፣ አንክድም። አሁን ሙሽራይቱ ታማለች። አገሯ ሩቅ ነው። እዚህ ያላችኋት ዘመድ እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ስማችሁ ግንባሯ ላይ ተጽፏል። ዋስ ሁኗት አላልንም። እጇን ያዙና አንድ ጊዜ እዩልን ነው ያልነው። ካሳውን ይክሳል።»

ሙዓዝ ተርጉሞ ጨረሰ። መኪናው ውስጥ ሙጀሂድ መሪውን ጨብጦ ያዳምጣል። አቡ ሳሊም መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው በመስተዋቱ በኩል ወደ ውጭ፣ ወደ ጣራዱና ወደ ሙጀሂድ ተመለከቱ። ሙጀሂድ ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። በዚህ መሃል የሀሩን እጅ ወደ ሻዩ ስትሄድ አየ። ሀሩን ከጠዋት ጀምሮ ብረት ሲበይድ ውሏል፣ ጉሮሮው ደርቋል፤ ሻይ ካየ ዓለምን ይረሳል። ጣቶቹ ብርጭቆውን ሊነኩ አንድ ጥፍር ሲቀራቸው የጋሽ ኃይሉ ጃንጥላ ጫፍ ጫማው ላይ አረፈ። ጠንከር ብሎ ነው ያረፈው። እጅየዋ ተመለሰች።

አቡ ሳሊም አዩት። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ሆዳቸው፣ ከዚያ በስልኩ በኩል ሳቃቸው መጣ።

«አትጠጡትም» አሉ። «እሺ ሳልል አትጠጡትም፣ አይደል?»

«ልክ ነው» አለ ሙዓዝ።

«እኛ ይህን ጃሃ እንለዋለን። ለልጅ የመጡ ሽማግሌዎች ነገሩ ሳይፈጸም የቀረበላቸውን አይቀምሱም። ልጆቼን ስድር መጥተውብኛል። ለሞተር ሲመጡ ግን በዕድሜዬ ገና ማየቴ ነው።» ዓይናቸውን ጠራረጉ። «ስለ ዋስትና አትጠይቁኝ፤ እሱ በእጄ አይደለም።»

«አልጠየቅንም።»

«ታዲያ ጥገናውን ማን ከለከላችሁ?»

«በፊት በር ያለው ልጅ።»

«ያ ልጅ የሚያውቀው መሸጥ ነው። ሁሉም እሱ ዘንድ ሄዶ ዋስትና ብሎ ይጮኻል፤ እሱም አይሆንም ይላል፤ ልክም ነው። በኋላ በር መጥቶ ‹ከፍዬ ይሠራልኝ› ያለኝ ሰው ግን የለም። ብሎኑን የሚፈታው እኔ ነኝ፤ ሞተሩ በአውሮፕላን ይምጣ በግመል ይምጣ ለመፍቻዬ አንድ ነው።» ጣታቸውን አነሱ። «የጉምሩክ ወረቀቱ ይቅረብ፤ የተሰረቀ ዕቃ አልነካም። ዘይቱና ማጣሪያው ከእኛ ይገዛ። የሚቀጥለውም ጥገና እዚሁ ይሁን። ተስማማችሁ?»

«ተስማምተናል» አሉ ጋሽ ኃይሉ፣ ትርጉም ሳይጠብቁ።

«እንግዲህ ሻያችሁን ጠጡ።»

ያኔ ሦስቱም ተቀመጡ። የሀሩን ብርጭቆ ሌሎቹ ሳይነሱ ባዶ ሆነ።

ጣራዱ ገባ። አቡ ሳሊም የሞተሩን ክዳን አነሱ፤ የኮምፒውተሩን ገመድ ሰኩ። ስክሪኑ ላይ አንድ ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ የሙቀት መለኪያው መልእክት እየተቆራረጠ ነው ይላል። አቡ ሳሊም ባትሪ አብርተው ጎንበስ አሉ፣ በሁለት ጣታቸው አንዲት ክር የምታህል ሽቦ ከብሎን ሥር ሳቡ። ተጨፍልቃ፣ በንዝረት ልጧ ተበልቶ፣ መዳቧ ይታያል። ሞተሩ አልሞቀም ነበር፤ ሽቦዋ ናት ሞቅኩ እያለች የምትጮኸው።

«ይህን ብሎን ያጠበቀው ማነው?» ጠየቁ አቡ ሳሊም።

ሙጀሂድ ሀሩንን አየው። ሀሩን ጣሪያውን አየ።

«ጉልበት ያለው ሰው ነው» አሉ አቡ ሳሊም። «ሁለተኛ ብሎን እንዳይነካ። ሻይም።»

ሽቦዋ ተቀየረች፤ በሌላ መንገድ ተዘረጋች። የሞተሩ ዘይት ተለወጠ፣ የእግሩ ዘይት ተለወጠ፣ ካንዴላዎቹ ወጥተው ታዩ፣ የነዳጅ ማጣሪያው ታደሰ። ሙጀሂድ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እያንዳንዱን ነገር በዓይኑ ቀዳ። የጎማ ክዳኖቹ ተገጠሙ፣ ውሃው ተከፈተ፣ ቁልፉ ዞረ። ከሞተሩ ጀርባ ቀጭኗ የውሃ መስመር ተወረወረች፤ አቡ ሳሊምም እንደ ሙጀሂድ በመዳፋቸው ተቀበሏት። ጢጥ የሚል የለም። ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ የጥገና ቤቱን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው፤ ጋሽ ኃይሉ ጃንጥላቸውን ከፍ አድርገው «እልል በሉ እንጂ» አሉ። ማንም እልል አላለም፤ ሁሉም ግን ሳቀ።

ሐሙስ ደላላው ጃብሪያ ሲደርስ ባባ ሱልጣን በር ላይ ተቀበሉት። ሙጀሂድ ማታውኑ ነግሯቸዋል፤ ሽማግሌዎቹን፣ ሻዩን፣ ሽቦዋን። ሲሰሙ ዲዋኒያው ውስጥ ካሉት እንግዶች ሁሉ በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው።

«የሚሸጥ ጣራድ የለም» አሉት ደላላውን። «ሃሙር ከፈለግህ ግን ነገ ማታ ና።»

ማዳም ለጢፋ ከላይ መስኮታቸውን ዘጉ። ጥቂት ቆይተው ግን ከፈቱት። «ሙጀሂድ» አሉ፣ «ከሄዳችሁ አይቀር ዙቤይዲ የሚባለውን ዓሣም አምጡ፤ ለሃሙር ብቻ መስኮቴን አልዘጋም።»

ዓርብ ጠዋት ጣራዱ ውሃውን ሰንጥቆ ሲበር፣ ባለፈው ሳምንት እጃቸውን እያውለበለቡ ያለፏቸውን ጀልባዎች አንድ በአንድ ቀደሟቸው። ባባ ሱልጣን ለእያንዳንዱ ሰላምታ ሰጡ፤ አንዱንም አልዘለሉ። ሙጀሂድ መሪውን ይዞ ነዳጅ ጨመረ። የአምስቱ ልጆች ቦርሳ ከዓይኑ ጠፍቷል። ማታ ለሐሲና ሲነግራት፣ «እኔን ለማግኘት ይህን ያህል አልተላበህም» አለችው።

«አንቺን በስልክ አላዘዝኩሽማ።»

«ብታዝዘኝ ኖሮ አባቴ በካርቶን አይልኩኝም ነበር።»

ወሬው ሹዌኽን ዞሮ ጃብሪያ ገባ። አሁን ሦስቱን «የኢንተርኔት ሽማግሌዎች» የሚሏቸው አሉ። ሰሞኑን ደግሞ ቲጂ የምትባል፣ ከባባ ሱልጣን ጎረቤት ቤት የምትሠራ ልጅ፣ አገር ስትገባ ልብስ ሰፊ ለመሆን አስባ በስልኳ የገዛችው የስፌት መኪና ክር መበጠስ ጀምሮባታል። ወኪሉ ከእኛ አልገዛሽም ብሏታል። ሙጀሂድ አሠራሩን ነግሯታል፦ በኋላ በር ሂጂ፣ ጥፋትሽን አስቀድሚ፣ ዋስትና የሚለውን ቃል ከአፍሽ አታውጪ፣ ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂ። ነገር ግን ሽማግሌም ያስፈልጋታል፤ ሽማግሌውም ጎድሏል። ሀሩን በጋሽ ኃይሉ ትእዛዝ ከኮሚቴው ወጥቷልና።

ስለዚህ ሙጀሂድ የሚለው ይህን ነው፤ እንዳለ ይጻፍልኝ ብሏል። «ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ ኩዌት ካለህና ጸጉርህ ሸበት ካለ፣ ወይም የሸበተ ጓደኛ ካለህ፣ ሹዌኽ ጋሽ ኃይሉ ከሚጠብቁት መጋዘን ብቅ በልልን። ዓረብኛ አትጨነቅ፣ እሱ የሙዓዝ ሥራ ነው። ጃንጥላም አለን። ነጭ ሸሚዝ ብቻ ይዘህ ና። አደራህን ግን፣ ሻዩ ሲመጣ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት፤ እሺ እስኪሉ እንዳታወጣው።»